ስሜት አልባ ብልህነት፦ በጄፍ ሃውኪንስ መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሒስ

ጄፍ ሃውኪንስ ፓልም የተባለውን የእጅ ኮምፒዩተር በመፍጠር የታወቀ መሐንዲስ ነው። ከሳይንስ ጸሐፊዋ ከሳንድራ ብሌክስሊ ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ ርእሱ «ስለ ብልህነት» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው መጽሐፍ፣ የሚያስብ መሣሪያ ለመሥራት የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ የሰውን አንጎል ይመርምር ሲል ይሟገታል። ሙግቱ የጤና ባለሙያውን የሚነካው ብልህነትን ከስሜት ነጥሎ ማነጽ ይቻላል በማለቱ ነው።

የመጽሐፉ ብርታት ከአንድ ቀላል ስሌት ይጀምራል። አንድ የነርቭ ሕዋስ ምልክት ተቀብሎ ለሚቀጥለው እስኪያቀብል 5 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሰው ግን በሥዕል ላይ ድመት መኖሯን በግማሽ ሰከንድ ይለያል። ስለዚህ ከዓይን እስከ መልስ ያለው ሰንሰለት ከ100 እርከን ብዙም ሊበልጥ አይችልም። ከዚህ ተነሥቶ ሃውኪንስ፣ የአንጎል ቅርፊት መልስን ከትውስታው ያወጣል፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም ይተነብያል እንጂ እንደ ኮምፒዩተር አያሰላም ይላል። ቨርነን ማውንትካስል በ1978 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን፣ የቅርፊቱ ክፍሎች ሁሉ በአንድ ዓይነት አሠራር ይመራሉ የሚለውን ሐሳብም መሠረት ያደርጋል። ልምድ ያላት አዋላጅ የነፍሰ ጡርን ሆድ ስትዳስስ ያልጠበቀችውን ወዲያው የምትለየው በዚሁ መንገድ ነው ቢባል አያስገርምም።

ድካሙ የሚታየው፣ ብልህ መሣሪያ ረኀብም፣ የልብ ትርታም፣ ስሜትም አያሻውም ሲል ነው። የሕሙማን ታሪክ ግን ሌላ ይመሰክራል። የነርቭ ሐኪሙ አንቶኒዮ ዳማሲዮ በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው ታማሚ፣ የአንጎል ዕጢ በቀዶ ሕክምና ከወጣለት በኋላ የብልህነት ፈተናዎችን በሚገባ አልፏል። ይሁን እንጂ የግንባር አንጎሉ በመጎዳቱ ስሜቱ ደብዝዞ፣ ተራ ውሳኔ እንኳ ተሳነው፤ ሥራውንም ትዳሩንም አጣ። የሥጋ ደዌ ታማሚም እሳት እንደሚያቃጥል እያወቀ፣ እጁ ሕመም ስለማይሰማው ይቃጠላል። ማወቅ ብቻውን ሰውን አይጠብቅም።

በእርግጥ ጊዜ ለሃውኪንስ በከፊል ፈርዶለታል። ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በሰፊው የተሠራጩት የጽሑፍ መሣሪያዎች፣ አሠራራቸው እርሱ ከነደፈው ቢለይም፣ ቀጣዩን ቃል በመተንበይ ብዙዎች ያልጠበቁትን አከናውነዋል። ለታማሚ «አዝናለሁ» ብለው መጻፍም ይችላሉ። ሆኖም የኀዘንን ቃል በትክክል መተንበይ የኀዘን ማስረጃ አይሆንም።

ሃውኪንስ ፍርሃትና ስግብግብነት የሌለው መሣሪያ በሰው ላይ አይነሣም ብሎ አንባቢን ያጽናናል። የማጽናኛው ሌላ ገጽ ግን በመጽሐፉ ውስጥ በቂ ቦታ አላገኘም፦ ቂም የማይዝ መሣሪያ ርኅራኄም የለውም። የመድኃኒት መጠን ያሳሳተች ነርስ ትደነግጣለች፤ ድንጋጤዋም ለሚቀጥለው ታማሚ ጥንቃቄ ይሆናል። መሣሪያው በስሕተቱ የሚያጣው ነገር የለም። ስለዚህ ምክሩ ቢጠቅምም፣ የውሳኔው ኀላፊነት የታማሚው ሥቃይ በሚሰማው ሰው እጅ መቆየት ይኖርበታል።