ፎቶግራፍ ላይ የማይታየው ውፍረት

የፖላንድ ጎራዴ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ፎቶግራፍ ይዞ ነው የሚመጣው። ከሙዚየም መጽሐፍ ላይ የተወሰደ፣ ከጎን የተነሣ ምስል። ጉብጠቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ መከታው፣ የአውራ ጣት ቀለበቱ፣ እጀታው የተለበጠበት ቆዳ ሳይቀር ይታያል። ውፍረቱ ግን አይታይም። ጎራዴውን ጎራዴ የሚያደርገው ደግሞ እሱ ነው። ከሥራ ሰዓቴም አብዛኛውን የሚበላው እሱ ነው።

በጣም የምወደው የሁሳሮቹን ጎራዴ ስለሆነ በእሱ ልናገር። ሁሳሮች የፖላንድና የሊትዌንያ ከባድ ፈረሰኞች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1605 ኪርኾልም ላይ ስዊድኖችን፣ በ1683 ደግሞ በንጉሥ ያን ሶቢየስኪ መሪነት ቪየና በር ላይ የኦቶማንን ጦር የወጉት እነሱ ናቸው። ዋናው መሣሪያቸው ረጅም ጦር ነበር። ጦሩ ግን በመጀመሪያው ግጥሚያ ይሰበራል። ከዚያ በኋላ ፈረሰኛው በአንድ እጁ ልጓም ይዞ፣ በሌላው ጎራዴውን መዝዞ፣ በሰውና በፈረስ ትርምስ መሀል ቀኝና ግራ መምታት አለበት። መትቶ የሳተ ጎራዴ ቶሎ መመለስ ካልቻለ ባለቤቱ አለቀለት። ስለዚህ እነዚህ ጎራዴዎች ሲያዩዋቸው ግዙፍ ቢመስሉም ሲያነሷቸው ይቀላሉ። ያለ ሰገባው አንዱ ብዙ ጊዜ ከ800 ግራም እስከ አንድ ኪሎ ገደማ ነው የሚመዝነው።

ምስጢሩ እዚህ ጋ ነው። የድሮው ስለት መከታው አጠገብ ስድስት ወይም ሰባት ሚሊ ሜትር ይወፍርና ወደ ጫፉ እየሳሳ ሄዶ ሁለት ሚሊ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ርካሹ የገበያ ቅጂ ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት ካለው ላሜራ ተቆርጦ ይወጣል። ሒሳቡን እንሥራው። ስለቱ 85 ሴንቲ ሜትር ቢረዝምና ከሦስት ሴንቲ ሜትር ትንሽ ቢሰፋ፣ በእኩል ውፍረትና እየሳሳ በሚሄደው መካከል ያለው የክብደት ልዩነት ሩብ ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከዚያ ትርፍ ሩብ ኪሎ ውስጥ ሦስት አራተኛው የሚቀመጠው ከወገቡ ወዲያ፣ በጫፉ በኩል ነው። ከእጅ የራቀ ክብደት እጅን እየጎተተ ይወስዳል፤ አንዴ የተወነጨፈውን መመለስ የጡንቻ ትግል ይሆናል። ጎን ለጎን ፎቶ ቢነሡ ሁለቱ መንታ ናቸው። ሲያነሷቸው አንዱ ጎራዴ፣ ሌላው የጎራዴ ቅርጽ ያለው ብረት ነው።

ስለዚህ አንድ ጥንታዊ ጎራዴ በጓንት እንድይዝ ሲፈቀድልኝ መጀመሪያ የማወጣው ካሊፐር ነው። ከመከታው እስከ ጫፉ በየአምስት ሴንቲ ሜትሩ ውፍረቱን እለካለሁ፣ እጽፋለሁ። ጌጡን በኋላ አየዋለሁ። አሳሳሱ ቀጥታ መስመር እንዳልሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው፤ አንዱ ስለት መጀመሪያ ላይ ቶሎ ይሳሳና ከዚያ ረጋ ይላል፣ ሌላው እስከ ወገቡ ጠንክሮ ቆይቶ ድንገት ይሳሳል። ጫፉ አካባቢ ጀርባው ሰፋ የሚልበት፣ ፖላንዶቹ ፒዩሮ የሚሉት ክፍል ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ይሰፋል እንጂ አይወፍርም። ስፋቱን አይቶ ውፍረት የጨመረበት ሠሪ ጎራዴውን አበላሸው።

አሁን ወደ ፍሙ እንሂድ። የምጠቀመው ክሮምና ቫናዲየም ያለበት የሞላ ብረት ነው፤ ፖላንድ ውስጥ 50ኤችኤፍ ይሉታል። የድሮዎቹ ብረት ቆሻሻ የነበረበት፣ ወጥ ያልሆነ ስለነበር በዚህ በኩል ቅጂዬ ከእውነተኛው ይለያል፤ ለሚያሠራኝ ሁሉ የምነግረው ነው። ብረቱን ሲያግሉና የስለቱን ጠርዝ በመዶሻ ሲያሳሱ የሚሆነው ነገር ሁልጊዜ ያስደስተኛል። ጠርዙ ሲሳሳ ይረዝማል፤ ጀርባው ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ብረቱ ራሱ ወደ ጀርባው ይጎብጣል። ጉብጠቱ ግማሹ ከዚያው ከቅጥቀጣው ነው የሚወለደው። ብዙ እንዳይጎብጥ አስቀድሜ ወደ ተቃራኒው ጎን ትንሽ አጎብጠውና እጀምራለሁ። መዶሻው እየወረደ ሲሄድ ብረቱ መጀመሪያ ይቃናል፣ ቀጥሎ እኔ ወደምፈልገው ጉብጠት ይገባል። በመሀሉ ጎን ለጎን እያጋደለ ስለሚጠመዘዝ በየሙቀቱ አንድ ዓይን ጨፍኖ በጀርባው ላይ ማየት የግድ ነው።

ማጥመቁ አጭር ነው፣ ግን ልብ ያንጠለጥላል። ብረቱ 850 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ማግኔት መሳብ ካቆመ በኋላም ገና ትንሽ ሙቀት ይቀረዋል። ከዚያ በቁሙ ዘይት ውስጥ ይገባል። በጣም የሳሳው ጫፍ ቀድሞ ስለሚግልና ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ሙቀቱን ከዳር እስከ ዳር እኩል ማድረግ ትልቁ ሥራ ነው። ሲወጣ ጉብጠቱ ሊቀየር ይችላል፤ ስለዚህ የመጨረሻው መስመር የሚታወቀው እዚህ ነው። ቀጥሎ ብረቱ እንደ ሞላ ጎብጦ እንዲመለስ በቀስታ እንደገና አሞቀዋለሁ።

የአውራ ጣት ቀለበቱን ብዙ ሰው ጌጥ ይመስለዋል። ከመስቀለኛው መከታ ጋር በውስጥ በኩል የተያያዘ ትንሽ የብረት ቀለበት ነው፤ አውራ ጣት ይገባበታል። ጣቱ እዚያ ሲቆለፍ የጎራዴው አቅጣጫ በእጅ አንጓ ብቻ ይዘወራል፣ የተወነጨፈውንም ማቆም ይቀላል። ለካሁት፣ ሠራሁት ብሎ መገላገል የለም፤ ቀለበቱ የሚሠራው ለአንድ ሰው እጅ ነው። ባለቤቱ በሚለብሰው ጓንት ሆኖ ያስገባል፣ ያወዛውዛል፤ የውስጥ ጠርዙ የጣቱን አንጓ ከቆነጠጠ በክብ ሞረድ አለሰልሰዋለሁ። የቀለበቱ ዘንበል ማለት በጥቂት ዲግሪ ሲሳሳት አውራ ጣት ከእጀታው ይነሣና ጥቅሙ ይጠፋል። ይህ የሚታወቀው በእንቅስቃሴ ነው። በኦሎምፒክ በሻሞላ ግጥሚያ ከቡድኑ ጋር ሜዳሊያ ያገኘው ቮይቼክ ዛብዎትስኪ፣ በሙያውም አርክቴክት የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ እውነተኛ ጎራዴ አቆራረጥ መጽሐፍ አሳትሟል። ጎራዴ የሚሠራ ሰው ጎራዴን በእንቅስቃሴው እንዲያውቀው የሚያስገድድ መጽሐፍ ነው። በአንጻሩ ካራቤላ የሚባለው፣ እጀታው የንስር ራስ የሚመስለው የመኳንንቱ ጎራዴ ቀለበት የለውም፤ እጅ በእጀታው ላይ እንዲዞር ስለተሠራ ሌላ ዓይነት ሚዛን ይጠይቃል።

በእጅ የተሠራ መሆኑ ይታወቅ ብለው የመዶሻ ዱካ ስለቱ ላይ የሚተዉ አሉ። እኔ አልተውም። የዚያ ዘመን ሰዎች ስለቱን በውሃ ኃይል በሚሽከረከር ድንጋይ ሞርደው አለስልሰውታል። በጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ ቀጥቃጩ፣ የሚያጠምቀውና የሚሞርደው፣ እጀታ የሚገጥመው በየማኅበራቸው የተለያዩ ባለሙያዎች ነበሩ። ብዙ የፖላንድ ጎራዴም ስለቱ ከውጭ የመጣ፣ እጀታው አገር ቤት የተገጠመ ነው፤ በሊቮቭ ከተማ የነበሩት የአርመን አንጥረኞች በዚህ ይታወቁ ነበር። ይህ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም። የኢትዮጵያ መኳንንት ከታጠቁት ጎራዴ ብዙው ከአውሮፓ በመጣ ስለት ላይ የአውራሪስ ቀንድ እጀታ የተገጠመበት ነው፤ አንዳንዱ ከዚያው ከዞሊንገን። የስለት ምልክት መኮረጅም አዲስ አይደለም። የጄኖዋን የማጭድ ቅርጽ ምልክት የሌላ አገር ቀጥቃጮች ገበያ ስለሚያስገኝ እየመቱት ኖረዋል። የፖላንዱ ንጉሥ የስቴፋን ባቶሪ ምስል ያለባቸው ስለቶችም ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1586 ከሞተ በኋላ ለረጅም ጊዜ ተሠርተዋል።

ስለ ምልክት ጥብቅ የሆንኩት ይህን ስለማውቅ ነው። አሲድ ቀብተህ አስረጅልኝ፣ ዝገት አስመስልልኝ የሚሉኝን እምቢ እላለሁ። ሁሳሩ የታጠቀው አዲስና የሚያበራ ጎራዴ ነበር፤ የሦስት መቶ ዓመት ዝገት የሙዚየሙ ነው። ስሜንና የሠራሁበትን ዓመት መከታው ሥር፣ ማንም በሚያየው ቦታ ስለቱ ላይ እመታለሁ። ሁለተኛ ደግሞ እጀታው ውስጥ በሚደበቀው ጭራ ላይ እመታዋለሁ፤ የላዩን የፋቀ ነጋዴ ቢገኝ እንኳ እጀታውን የሚፈታ ባለሙያ ከሥሩ ያገኘዋል።