የኮሌጅ ሒሳብ አመራረጥና የተጨማሪ ድጋፍ ጉዳይ

ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥቶ የኮሌጅን ደጅ የሚረግጥ ወጣት ብዙ ነገር ይጠይቃል። መኝታው የት እንደ ሆነ፣ ምግቡ እንዴት እንደ ሆነ፣ መምህሩ ምን ዐይነት ሰው እንደ ሆነ ይጠይቃል። ስለ ሒሳብ ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «የትኛው ይቀላል?» የሚል ነው። እኛም በመጣን ሰሞን የጠየቅነው ይህንኑ ነበር። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ መሆኑን ነው፤ ስሕተቱም የተማሪው ብቻ ሳይሆን ተማሪውን የሚመድበውና የሚረዳው አሠራር ጭምር መሆኑን ነው።

ሀ) ሽሽት ምርጫ ስላለመሆኑ

በአገራችን የኮሌጅ ሒሳብ የሚመረጠው ኮሌጅ ከተገባ በኋላ አይደለም፤ ተማሪው 10ኛን ክፍል ፈጽሞ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ መስመሩን በሚለይበት ቀን ነው። የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሲመለስ ለሁለቱ መስመሮች ለየራሳቸው የሒሳብ ኮርስ ተዘጋጀላቸው። ብዙዎቻችን «ሒሳብ አይሆንልኝም» በሚል ፍርሃት ብቻ ወደ ማኅበራዊው መስመር እንሸሻለን። ነገር ግን የሁለቱን ኮርሶች መጻሕፍት ጎን ለጎን አድርጎ የገለጠ ሰው ይደነቃል። ሁለቱም የሚጀምሩት በሎጂክና በስብስብ ትምህርት ነው። ከዚያ በኋላ የተፈጥሮ ሳይንሱ ወደ ኮምፕሌክስ ቁጥርና ወደ አናሊቲክ ጂኦሜትሪ ሲሄድ፣ የማኅበራዊ ሳይንሱ ወደ ማትሪክስና ወደ ካልኩለስ መግቢያ ይሄዳል። ስለዚህ ካልኩለስን ፈርቶ የሸሸ ተማሪ ካልኩለስን በሸሸበት ቤት ተቀምጦ ያገኘዋል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት አብሮን የተማረ አንድ ጓደኛ ነበረን። የነጋዴ ልጅ ነው፤ ምኞቱም ኢኮኖሚክስ መማር ነበር። «ኢኮኖሚክስ የማኅበራዊ ሳይንስ ስለ ሆነ ሒሳብ አይበዛበትም» ብሎ ወደዚያ መስመር ገባ። ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ስታቲስቲክስና ኢኮኖሜትሪክስ በዚያ ክፍል እንደሚጠብቁት የነገረው አንድም ሰው አልነበረም። በመጀመሪያው ሴሚስተር በሒሳብ ወደቀ፤ ሁለተኛውን ሳይጨርስ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ። ይህ ልጅ ሰነፍ አልነበረም፤ የአባቱን ሱቅ የገቢና የወጪ ሒሳብ በቃሉ የሚያወራርድ ልጅ ነበር። የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን የመንገዱ ካርታ ነበር።

እንግዲህ ትክክለኛው የሒሳብ ኮርስ የሚለካው በቅለቱ ሳይሆን በሚያደርሰው ቦታ ነው። መሐንዲስ የሚሆን ሰው ካልኩለስ ያስፈልገዋል። ጋዜጠኛ ወይም የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ የሚሆነው ደግሞ ከዚያ ይልቅ ስታቲስቲክስን፣ መቶኛንና የሠንጠረዥ ንባብን አጥብቆ ማወቅ ይገባዋል። የትኛውም ከሌላው ያነሰ ክብር የለውም።

ለ) ስለ ምደባ

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሰጠው የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ የሚታወስ ነው። ከዚህ የተነሣ ከወደቁት መካከል የተሻለ ውጤት የነበራቸው ብዙ ሺህ ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ገብተው «ሬሜዲያል» የተባለውን የአቅም ማሻሻያ ትምህርት እንዲማሩ ተደረገ። ሒሳብም በሁለቱም መስመር ከትምህርቶቹ አንዱ ሆነ።

እኛ የወደቀን ተማሪ እጁን ይዞ ማንሣትን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ሁሉን በአንድ ቁና መስፈርን ነው። አንዱ ተማሪ የሚቸግረው የክፍልፋይ አሠራር ነው፤ ሌላው ሒሳቡን እያወቀ ጥያቄው የተጻፈበት እንግሊዝኛ ይከብደዋል፤ ሦስተኛው በ11ኛ ክፍል መምህር ሳይመደብለት የከረመ ነው። የአንድ ፈተና ድምር ነጥብ እነዚህን ሦስቱን ለይቶ አያሳይም። ሦስቱም ግን በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንዱን ትምህርት ከመጀመሪያው ይሰማሉ።

ይህ ጉዳይ የእኛ ብቻ ስላልሆነ ሌሎች ምን እንዳደረጉ መመልከት ይጠቅማል። በኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኙ ሦስት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ምርመራ ተደረገ። የመሠረታዊ አልጀብራ ማሻሻያ ያስፈልጋቸዋል የተባሉ 907 ተማሪዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንደኞቹ የተለመደውን ማሻሻያ አልጀብራ ተማሩ፤ ሁለተኞቹ ያንኑ ከሳምንታዊ የልምምድ ሰዓት ጋር ተማሩ፤ ሦስተኞቹ ግን ማሻሻያውን ዘለው የኮሌጅ ስታቲስቲክስን ከልምምድ ሰዓት ጋር ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ውጤት ከመጀመሪያዎቹ 39 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 45 በመቶ፣ ከሦስተኞቹ 56 በመቶ ኮርሳቸውን አለፉ። «ዝቅ ያለው ይሻላቸዋል» የተባሉት ከፍ ባለው ተሻሉ ማለት ነው።

ሆኖም ይህን ምርመራ ሳይመዝኑ መቀበል አይገባም። አልጀብራና ስታቲስቲክስ ሁለት ልዩ ልዩ ትምህርቶች ናቸው፤ የማለፉ ብልጫ ከፊሉ ከትምህርቱ መለዋወጥ የመጣ ሊሆን ይችላል። መሐንዲስ ሊሆን ለሚሻ ተማሪም ስታቲስቲክስ የአልጀብራን ቦታ አይተካለትም። ከዚህ የምንወስደው አንድ ቁም ነገር ነው፤ ተማሪን ከዋናው ትምህርት ደጅ አስቁሞ ከማስጠበቅ፣ ለመንገዱ የሚስማማውን ዋናውን ትምህርት ሰጥቶ ርዳታውን በጎኑ ማቆም ይሻላል።

ሐ) ስለ ድጋፍ

ርዳታው ራሱ ግን ምን መልክ ሊኖረው ይገባል? እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩሪ ትራይስማን የተባለ የሒሳብ ሰው፣ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች በካልኩለስ ለምን እንደሚወድቁ ለማወቅ ተነሣ። መምህራኑ የሚሰጡት ምክንያት የፍላጎት ማነስ፣ የዝግጅት ጉድለትና የቤተሰብ ግድየለሽነት ነበር። እርሱ 20 ጥቁር ተማሪዎችንና 20 የቻይና ትውልድ ያላቸውን ተማሪዎች እስከ መኖሪያቸው ተከትሎ ሲያይ ግን የተባለው ሁሉ ስሕተት ሆኖ አገኘው። ጥቁሮቹ ተማሪዎች በሳምንት 8 ሰዓት ያህል ተግተው ያጠኑ ነበር፤ የሚያጠኑት ግን ለየብቻቸው ነው። ሌሎቹ 14 ሰዓት ያህል ሲሠሩ፣ ማታ ማታ ተሰብስበው አንዱ የሌላውን ሥራ ያርም ነበር። ትራይስማን ከዚህ በኋላ ያቋቋመው የቡድን ጥናት የደካሞች ማቆያ አልነበረም፤ ከክፍሉ የበለጠ ከባድ ጥያቄ የሚቀርብበት ነበር። በዚያ የገቡት ተማሪዎችም ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር እኩል፣ አንዳንዴም በላይ ሆኑ።

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ የቅኔ ተማሪዎችም በየጎጇቸው ተሰብስበው እስኪመሽ ይነጋገራሉ። በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤትም በማታው ጥናት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጥ ነበር። ኮሌጅ ስንደርስ ግን እያንዳንዳችን ለብቻችን ሆንን።

የመጀመሪያውን ፈተና በወደቅን ጊዜ ቱቶሪያል እንዲገቡ የሚገባቸው ተማሪዎች ስም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ስማችን ከዚያ ላይ ነበረ። እኛም አፍረን ሳንሄድ ቀረን። በኋላ ከመኝታ ክፍላችን ልጆች ጋር አራት ሆነን ከእራት በኋላ ባዶ ክፍል ፈልገን፣ ጠመኔ ይዘን፣ ያልገባንን ጥያቄ በየተራ ሰሌዳ ላይ መሥራት ጀመርን። ያገኘነው ውጤት ሲ ነው፤ ለአንዳንዶች ትንሽ ነው፤ ለእኛ ግን በኮሌጅ መቅረታችን ነበር። ስማችንን የለጠፉት ሰዎች ክፋት አስበው አይደለም፤ ነገር ግን ርዳታን እንደ ቅጣት ያወጁት ሰው እንዳይመጣ ከለከሉ ማለት ነው።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ቱቶሪያል ለሁሉ ተማሪ ክፍት ሆኖ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ፣ ከዋናው ኮርስ ጋር ጎን ለጎን መሰጠት ይገባዋል። አዲስ የሚመጣው ወንድማችንና እኅታችንም መስመር ከመለየታቸው በፊት የሚመኙት የትምህርት ክፍል በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት የትኛውን ሒሳብ እንደሚጠይቅ ይመርምሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ሠርተው የት ላይ እንደሚቆሙ ይወቁ። መምህሩ ቢሮ ሲሄዱ «አልገባኝም» ብለው ብቻ ሳይሆን እስከ ቆሙበት መስመር የሠሩትን ወረቀት ይዘው ይሂዱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሦስት ወይም አራት ጓደኛ ይያዙ።

ይህን የጻፍነው ሊቃውንትን ለማስተማር አይደለም፤ ዕቃውን ሸክፎ የሄደው ጓደኛችን ከልባችን ስላልጠፋ ነው። ከሚመጡት መካከል አንዱ እንኳ «የትኛው ይቀላል?» ማለቱን ትቶ «የትኛው ያደርሰኛል? ከማንስ ጋር ልሂድ?» ብሎ ቢጠይቅ ድካማችን በከንቱ አልቀረም።