ከመርዝ የሚያድን ስጦታ፤ የአምብሩዋዝ ፓሬ ድርሰት ሲመረመር

የፈረንሳይ ነገሥታት ቀዶ ጠጋኝ የነበረው አምብሩዋዝ ፓሬ በ1582 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በፓሪስ ባሳተመው ድርሰት፥ በዘመኑ እጅግ የተከበሩ ሁለት መድኃኒቶችን ነቀፈ። እነርሱም ሙሚያ የተባለው ከግብፅ መቃብር የሚወጣው የደረቀ ሬሳና ከባለ አንድ ቀንዱ አውሬ ተገኘ የሚባለው ቀንድ ናቸው። ለድርሰቱ መነሻ የሆነው፥ ክሪስቶፍ ደዙርሳን የተባለ መኰንን በ1580 ከፈረስ ወድቆ ከዳነ በኋላ ሙሚያ ስለ ምን እንዳልተሰጠው መጠየቁ ነበር። የሕክምና ታሪክ ጸሓፊዎች መጽሐፉን የሙከራ ዕውቀት አጉል እምነትን ድል የነሣበት አድርገው ያመሰግኑታል። ምስጋናው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የነገሩን ግማሽ ብቻ ያያል።

የድርሰቱ ብርታት ቀላልነቱ ነው። ፓሬ የቀደሙት ጸሓፊዎች ስለ አውሬው መልክ እርስ በርሳቸው እንደማይስማሙ ካሳየ በኋላ ነገሩን ወደ ሙከራ ያመጣዋል፤ መርዘኛ ነው የሚባለውን ጉርጥ ቀንዱ በተዘፈዘፈበት ውሃ ውስጥ አኖረው፥ ከ3 ቀን በኋላም ጉርጡ ሳይሞት ተገኘ። ከዚህ ይልቅ ክብደት ያለው ግን ፓሬ ፈጥኖ ያለፈው አንድ ቦታ ነው። የንጉሥ ሻርል 9ኛ ዋና ሐኪም ሻፕላን፥ የቀንዱን ቁራጭ በንጉሡ ጽዋ ውስጥ የመንከርን ልማድ ቢያስቀር በወደደ ነበር፤ ዳሩ ግን እምነቱ በሰው ልቡና ሥር ሰዶ ስለ ነበር አልደፈረም። ፓሬ ይህን የልማድ ግትርነት ብቻ አድርጎ ይተወዋል። የባህል መርማሪ ግን እዚህ ላይ ሊቆም ይገባዋል።

በ1533 የሮማው ፓፓ ክሌሜንት 7ኛ ዘመዳቸውን ካትሪን ደ ሜዲቺን ለንጉሥ ፍራንሷ 1ኛ ልጅ ለሄንሪ በማርሴይ ሲድሩ፥ ለንጉሡ ያበረከቱት በወርቅ የተዋበ እንዲህ ያለ ቀንድ ነበር። በየማዕዱ መርዝ በሚፈራበት ዘመን ማርከሻ መስጠት፥ ከእኔ ወገን ክፉ አይድረስብህ ብሎ የመማል ያህል ነው። እንዲህ ያለውን ስጦታ በጉርጥ መፈተን ሰጪውን መጠርጠር ይሆናል። ፈርዲናንድ 1ኛም በ1540 ከፖላንድ ንጉሥ የተቀበሉት ቀንድ፥ እርሳቸው በ1564 ካረፉ በኋላ፥ የማይሸጥና የማይከፋፈል የሐብስቡርግ ቤት ርስት ተባለ፤ ሊፋቅና ሊጠጣ የተገዛ መድኃኒት በዚህ ሥርዓት አይጠበቅም።

ልዩነቱን ፓሬ ራሱ ስለ መርዝ በጻፈው ክፍል ሳያስበው ይመሰክራል። አንድ መኰንን ከእንስሳ ሆድ የሚገኘውን ቤዞአር የተባለ ድንጋይ ከእስፓኝ አምጥቶ ለሻርል 9ኛ ባቀረበ ጊዜ፥ ፓሬ ለመርዝ ሁሉ ማርከሻ የሚሆን አንድ ነገር ሊኖር አይችልም ብሎ ተከራከረ። ሁለት የብር ሳሕን ሰርቆ ስቅላት የተፈረደበት የወጥ ቤት ሠራተኛ ተጠርቶ፥ መርዙን ከድንጋዩ ጋር ወስዶ ቢድን ምሕረት እንደሚያገኝ ተነገረው። እርሱም ከገመዱ ይልቅ ይህን መረጠ፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላም በብርቱ ሥቃይ ሞተ። ንጉሡ ድንጋዩ በእሳት እንዲጣል አዘዙ። ድንጋዩ የመኰንን ስለ ነበር ተፈተነ፥ ተጣለም፤ ከንጉሥ ወይም ከፓፓ እጅ በመጣ ቀንድ እንዲህ ማድረግ ግን ቀላል አልነበረም። ታሪኩን በደስታ የሚደግሙት ጸሓፊዎች የሞተውን ሰው ከጉርጡ ጋር ቆጥረው ያልፉታል፤ ሥቃዩን በዝርዝር የጻፈው ፓሬ በዚህ ረገድ ከአድናቂዎቹ ይሻላል።

የዴንማርኩ ሐኪም ኦሌ ዎርም በ1638 ቀንዱ ናርዋል የተባለ የሰሜን ባሕር ዓሣ ነባሪ ጥርስ መሆኑን አስረዳ። የአገሩ ንጉሥ ፍሬድሪክ 3ኛ ግን ከዚህ በኋላ ከዚያው ጥርስ ዙፋን አሠሩ፤ ልጃቸው ክርስቲያን 5ኛም በ1671 በንግሣቸው በዓል ተቀመጡበት።