የታንኳ ስባሪ

ጣና ዳር የሰዎችን ትዝታ በድምፅ እየቀረጽኩ በጽሑፍ አሰናዳለሁ። በብዛት የምሰማው ስለ ታንኳ ነው፤ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨትና ቡና ስላሻገረው፣ ሰው ለሠርግና ለተዝካር ስላደረሰው፣ አንዳንዴም ሰው ይዞ ወጥቶ ባዶውን ስለተመለሰው። ከሁሉ የሚከብደኝም ከሁሉ የምሳሳለትም ይህ የመጨረሻው ነው።

ለምን እንደሚከብድ ለማስረዳት ከአሠራሩ መነሣት አለብኝ። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ በእቅፍ በእቅፍ ተደርጎ በገመድ ይጠፈራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ታንኳ እንደ ብረት ጀልባ ጎድጓዳ ሆድ የለውም። የሚያንሳፍፈው በደንገሉ ልብ ውስጥ ያለው አየር ስለሆነ ማዕበል ቢያለብሰውም ውሃው በእስሩ መካከል ሾልኮ ይወርዳል። አደጋ የሚመጣው ሲገለበጥ ነው፤ ወይም እስሩ ሲላላ፣ ወይም ውሃ እየጠጣ ሲከብድ። ባለቤቱ ከጉዞ መልስ ዳር አውጥቶ የሚያደርቀው ለዚህ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወራት ይቆጠራል። ሰው የጠፋበት ታንኳም እንደ ማንኛውም ታንኳ ዳር ላይ በስብሶ ያልቃል። የጣና ጥልቀት ከ15 ሜትር ብዙም አይዘልም፤ ይሁንና ጠላቂ ወደ ታች ቢወርድ የሚያገኘው ስባሪ የለም።

ሰሜን አሜሪካ፣ ሱፒሪየር ሐይቅ ውስጥ ኤድመንድ ፊትዝጀራልድ የተባለችው የጭነት መርከብ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 1975 ከ29 ሠራተኞቿ ጋር ሰጥማለች። አካሏ 160 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ አሁንም አለ። በ1995 ደወሏ ወጥቶ የሟቾቹ ስም የተቀረጸበት ሌላ ደወል በምትኩ ወርዷል። ቤተሰቦቻቸው ቀርበው የሚያዩት ነገር አገኙ። ጣና ላይ ባሏን ያጣች ሴት ግን የያዘችው የሰው ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ቃሉን አደራ ተቀብዬ እይዛለሁ፤ አጠያየቄም በዚሁ ልክ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

“መቼ ሞቱ?” ብሎ የጀመረ በሩን በገዛ እጁ ይዘጋል። እኔ የምጀምረው ከጭነቱ ነው። “እማማ፣ ያን ለት ታንኳው ላይ ምን ተጭኖ ነበር?” ስላቸው ጤፉን ያነሣሉ፤ ጤፉ የማን እንደነበር፣ ከየት እንደተሳፈሩ፣ ማን ሊሄድ ተነሥቶ እንደቀረ እያሉ ይቀጥላሉ። ጭነት አይረሳም፤ ዕዳም ተስፋም አብሮት ተጭኗልና። ቀጥዬ ስለ ነፋሱ እጠይቃለሁ። ጣና ጠዋት ረግቶ ይውልና ከሰዓት በኋላ ይነሣል፤ ይህን የማያውቅ ቀዛፊ የለም። “ታዲያ ለምን አርፍደው ወጡ?” የሚለው ጥያቄ ግን ቤተሰቡን ሲያቃጥል የኖረ ነው፤ አፌ ላይ ቢመጣም አልጠይቀውም። እንጨቱ ቶሎ አልሸጥ ብሎ፣ ወፍጮ ቤቱ ወረፋ በዝቶበት እንደሆነ ራሳቸው እስኪነግሩኝ እጠብቃለሁ።

ወንድምና እኅት ያንኑ ቀን ለየብቻ ቢተርኩት ሁለቱንም እንዳለ አኖራለሁ። አንዷ አባቷ ጋቢ ለብሶ እንደወጣ ትናገራለች፤ ሌላው ጋቢው ቤት ቀርቶ ነበር ይላል። አንዱን መርጦ ማስታረቅ ለአንባቢ ይቀላል፤ ለእኔ ግን ከሁለት ልጆች አንዱን አባት መንጠቅ ነው።

ስም ላይ ግን አልለሳለስም። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 1996 ቡኮባ የተባለችው መርከብ ምዋንዛ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ተገልብጣ ሰጠመች። ይፋዊው የሟቾች ቁጥር 894 ነው። የአንደኛና የሁለተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች በመዝገብ ነበሩ፤ የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ግን መዝገብ አልነበራቸውም። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ማንኛውንም ትረካ ከመቅረጼ በፊት የጠፋውን ሰው ስም ከነአባቱና ከነአያቱ እጽፋለሁ፤ እናቱ የምትጠራበት ሌላ ስም ካለም እሱን እጨምራለሁ።

ደንገልን ካነሣሁ ራን ሳልጠቅስ አላልፍም። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ሊሻገርባት ያሠራት ራ ደንገሏ የታጨደው ከጣና ነበር፤ የሠሯት ደግሞ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ከሞሮኮዋ ሳፊ ተነሥታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘች በኋላ ኋላዋ ዘቅጦ፣ ባርባዶስ ሳትደርስ በውቅያኖስ ላይ ተተወች፤ ሰዎቹ ተረፉ። ለራ አርአያ በሆኑት ጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች ላይ የኋላውን ቅልብስ ከወለሉ ጋር የሚወጥር ገመድ ይታያል፤ ራ ላይ ጥቅሙ የተገለጠው ከጎደለ በኋላ ነው። ይህን ታሪክ ከነገደ ወይጦ ለሆኑ አዛውንት ታንኳ ሠሪ ሳጫውታቸው ጥቂት አሰቡና “ገመዱን ከምን ነበር የፈተሉት?” አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሟች ቤተሰብ ቀጥዬ ታንኳውን የሠራውን ሰው እፈልጋለሁ። እስሩ በማን እጅ እንደተጠበቀ፣ ከስንት ጉዞ በኋላ እንደከበደ የሚያስታውስ እርሱ ነው፤ ሐዘኑም የራሱ አለው፤ የሚጠይቀው ግን አልነበረም። ደንገል ይታጨድባቸው የነበሩ ዳርቻዎች ዛሬ ከፊሉ እርሻ ሆኗል፣ ከፊሉን እምቦጭ አልብሶታል። ሠሪዎቹ ቦታዎቹን በስም እየጠሩ ሊያሳዩኝ የሚችሉት አሁን ስለሆነ ጥያቄዬን ከጭነቱም ወደ ኋላ መልሼ፣ የዚያ ታንኳ ደንገል ከየትኛው ዳር እንደታጨደ በመጠየቅ እጀምራለሁ።