«የውሃ ማቀዝቀዣ» ምኑን ያቀዘቅዛል? በውሃ የሚበርዱ ኮምፒውተሮች ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃል ብዙ ጊዜ የሚመዘነው በድምፁ ውበትና በሥሩ ጥንታዊነት ነው። እኛ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊቀርብለት የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው እንላለን፤ ይኸውም «ቃሉን አምኖ ሥራ የጀመረ ሰው ዕቃውን ያድናል ወይስ ያበላሻል?» የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን መመዘኛ ይዘን የምንመረምረው ጠባብ የሚመስል አንድ የሙያ መስክ ነው፤ እርሱም በባለቤቱ ፍላጎት ልክ የሚገጣጠሙና ሙቀታቸው በውሃ የሚወገድ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች አሠራር ነው።

ምሳሌዎቻችንን በአብዛኛው የምንወስደው ከአምቦና ከምዕራብ ሸዋ ከተሞች ነው። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፥ በአምቦ፥ በጉደር፥ በግንጪ፥ በጌዶና በባኮ የሚሠራ የኮምፒውተር ጠጋኝ የዕቃውን መመሪያ በእንግሊዝኛ ያነባል፤ ከሥራ ባልደረባው ጋር በአፋን ኦሮሞ ይነጋገራል፤ ከሌላ አካባቢ ለመጣ ደንበኛ ደግሞ በአማርኛ ያስረዳል። አንድ ስያሜ በሦስት ቋንቋዎች መካከል ሲመላለስ ድክመቱ ቶሎ ይጋለጣል። ሁለተኛ፥ አካባቢው የማዕድን ውሃና የፍል ውሃ አገር በመሆኑ፥ «ውሃ» የሚለው ቃል ብቻውን ምን ያህል ጥቂት እንደሚናገር ለማሳየት ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም። በውሃ የሚበርድ ኮምፒውተር በእነዚህ ከተሞች ገበያ የተለመደ ዕቃ አለመሆኑ ለስንፍና ምክንያት ሊሆነን አይገባም። ስያሜ ከዕቃው ቀድሞ ቢደርስ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

አስቀድመን የነገሩን አሠራር በአጭሩ እናስታውስ። ፕሮሰሰሩ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል። በላዩ ላይ፥ ውስጡ በቀጫጭን ቦዮች የተፈለፈለ፥ ብዙ ጊዜ ከመዳብ የተሠራ ዝርግ ክፍል ይታሰራል። ፓምፑ ውሃውን በዚያ ክፍል ውስጥ ያሳልፈዋል፤ የሞቀው ውሃ በቱቦ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፤ በዚያም ማራገቢያዎች ሙቀቱን ወደ አየር ያወጡታል፤ ውሃውም ተመልሶ ይዞራል። ውሃ በእኩል ይዘት ሲነጻጸር ከአየር 3,500 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ሙቀት ይሸከማል፤ የዘዴው ጥቅም ከዚህ የመጣ ነው። ሆኖም ውሃው ተሸካሚ እንጂ የሙቀቱ መጨረሻ አይደለም፤ መጨረሻው ዞሮ ዞሮ አየር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው አምቦ ደግሞ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፥ ማራገቢያና ራዲያተር የመምረጡ ነገር ቀላል ጉዳይ አይሆንም።

አሁን ወደ ስያሜው እንምጣ። ተርጓሚ ሲቸኩል በመጀመሪያ በብዕሩ ጫፍ የሚመጣለት «የውሃ ማቀዝቀዣ ያለው ኮምፒውተር» የሚለው ነው። ይህ ሐረግ በሰዋስውም በፍቺም ጉድለት አለበት።

የሰዋስው ጉድለቱ በ«የ» ላይ ነው። «የውሃ ወፍጮ» ስንል ውሃው ወፍጮውን ያንቀሳቅሳል፤ «የእህል ወፍጮ» ስንል ግን እህሉ ይፈጫል። «የኤሌክትሪክ ማሞቂያ» በኤሌክትሪክ ያሞቃል፤ «የውሃ ማሞቂያ» ግን ውሃን ያሞቃል። ቅርጹ አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ ስሙ መሣሪያ፥ በሌላው ተሳቢ ነው። አንባቢው ትክክለኛውን ፍቺ የሚያገኘው ከቋንቋው ሳይሆን ከዓለም ዕውቀቱ ነው፤ ኤሌክትሪክ እንደማይሞቅ ያውቃልና። ስለ ውሃ ሲሆን ግን ይህ ዕውቀት አይረዳውም፤ ውሃ ሊያቀዘቅዝም ሊቀዘቅዝም ይችላል። እንዲያውም «ማጣሪያ»፥ «ማሞቂያ»፥ «ማጠራቀሚያ» ከሚሉት የመሣሪያ ስሞች በፊት «የውሃ» ሲገባ የሚጣራው፥ የሚሞቀውና የሚጠራቀመው ውሃው ነው። ስለዚህ «የውሃ ማቀዝቀዣ» ለአማርኛ ተናጋሪ በመጀመሪያ የሚሰጠው ሥዕል በቢሮ ጥግ የሚቆም የመጠጥ ውሃ ማቀዝቀዣ ነው።

ይህ ችግር የአማርኛ ብቻ አይደለም። በአፋን ኦሮሞ «ቀበኔሳ ቢሻኒ» ቢባል ተመሳሳይ ጥርጣሬ ይፈጥራል። የመሣሪያነት ምልክቱን በስሙ መጨረሻ ጨምረን «ኮምፒተራ ቢሻኒን ቀበናኡ» ስንል ግን ጥርጣሬው ይወገዳል። አማርኛም ይህንኑ የሚያደርግ «በ» አለው፤ «በውሃ የሚ...» ብለን ከጀመርን ውሃው ተሳቢ ሊሆን አይችልም። ሁለቱ ቋንቋዎች፥ አንዱ በመነሻ ሌላው በመድረሻ፥ አንድ ዓይነት መፍትሔ ማቅረባቸው ለአምቦው ጠጋኝ ታላቅ እፎይታ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ሐሳቡን እንደገና ማዋቀር አያስፈልገውምና። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል የተከተለ ተርጓሚ ግን ሁለቱንም ቋንቋዎች ጎድቷል።

የፍቺ ጉድለቱ «ማቀዝቀዝ» በሚለው ግሥ ላይ ነው። በዛሬው አነጋገር «ማቀዝቀዣ» ያለ ቅጽል ሲነገር ሥጋና ወተት የሚቀመጥበት ዕቃ ነው። ያ ዕቃ የውስጡን ሙቀት ከክፍሉ ሙቀት በታች ያወርዳል። በራዲያተር የሚሠራው የኮምፒውተር ሥርዓት ግን ይህን ፈጽሞ ሊያደርግ አይችልም፤ ውሃው ከክፍሉ አየር በታች አይወርድም። ሥራው ቅዝቃዜ ማምጣት ሳይሆን ትርፍ ሙቀትን ማንሳት ነው። «ማቀዝቀዣ» የሚለውን አምኖ የገዛ ሰው ቱቦውን ዳስሶ ሞቅ ብሎ ሲያገኘው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ቢፈታው ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ የስያሜው ነው።

አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ሌላ ግሥ አለው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚያመራው ከባድ መኪና ዳገት ላይ ሲግል፥ ሾፌሩ «ሞተሩ ይብረድ» ብሎ ያቆማል እንጂ «ይቀዝቅዝ» አይልም። ምጣድ ይበርዳል፤ ትኩሳት ይበርዳል፤ ቁጣና ጠብ ይበርዳሉ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አስቀድሞ የጋለ ነገር አለ፤ ግሡም የሚናገረው የዚያን ግለት መውረድ ነው። «በረደ» ከ«በረዶ» ጋር ሥር ስለሚጋራ ከ«ቀዘቀዘ» ይልቅ ወደ ብርድ ያደላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ሥርን እንጂ አጠቃቀምን አያይም። የሙያ ቃል ፍቺ የሚጸናው ባለሙያው በየቀኑ በሚናገረው ነው፤ ከሥሩ ብቻ የሚመዘዝ አይደለም። ስለሆነም «ማቀዝቀዣ» ከክፍሉ ሙቀት በታች ለሚያወርደው ዕቃ ይቆይ፤ ትርፍ ሙቀትን ለሚያነሣው «ማብረጃ» ይዋል እንላለን።

ይህ ከጋራዥ የተወሰደ ምሳሌ ወደ ዋናው ነቀፌታችን ያደርሰናል። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ሆኖ የተመሠረተው ተቋም ካፈራቸው ሥራዎች አንዱ የቴክኒክ ቃላት ዝግጅት ነው፤ በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም የዚያ ድካም ውጤት ነው። ውለታው የሚካድ አይደለም። ዳሩ ግን ከዚያ ዘመን ጀምሮ የቃል አዘጋጆች ዓይን ወደ ግዕዝ ሲያተኩር ወደ ጋራዥ እምብዛም አልተመለከተም። የአገራችን መካኒክ ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ካንዴላ፥ ቴስታታ፥ ካቻቪቴና ፒንሳ የሚሉትን ከጣሊያንኛ ወስዶ በራሱ አንደበት አርሟቸዋል፤ ራዲያተር፥ ፓምፕና ቱቦም ከእነርሱ ጋር አብረው ይኖራሉ። የመኪናን ሞተር በውሃ የማብረድ ሥርዓት በሙሉ በአማርኛ ሲነገር ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ለኮምፒውተሩ እንደገና ሌላ ሥርዓተ ቃላት መፍጠር ለምን አስፈለገ?

የሙያው ታሪክም ይህንኑ ይደግፋል። በውሃ ማብረድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአይ ቢ ኤም ግዙፍ ኮምፒውተሮች ላይ ይሠራበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ክሬይ 2 ደግሞ ክፍሎቹ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ የተነከሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 አፕል በፈሳሽ የሚበርድ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ለገበያ አቅርቧል። ነገር ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ በየቤታቸው ኮምፒውተር ማሻሻል የጀመሩት ወጣቶች የተዘጋጀ ዕቃ ስላልነበራቸው፥ የመኪና ማሞቂያ ራዲያተርና የዓሣ ገንዳ ፓምፕ እያመጡ ይገጥሙ ነበር። ሙያው ራሱ ከጋራዥ የተወለደ ነውና ቃሉ ከጋራዥ ቢወሰድ የተፈጥሮ መንገዱን መከተል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ቃሉ ይወሰድ ማለት ዕቃው ይወሰድ ማለት አይደለም። የዛሬ መኪና ራዲያተር ብዙ ጊዜ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። አሉሚኒየምና መዳብ በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። ስለዚህ መዝገበ ቃላቱ «ራዲያተር» ብሎ ብቻ ማለፍ የለበትም፤ የኮምፒውተሩ ራዲያተር ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር የሚስማማ ብረት መሆን እንዳለበት በፍቺው ሊጠቁም ይገባል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን በ«ውሃ» ላይ ነው። መመሪያዎቹ የሚጠይቁት በእንፋሎት ተለይቶ የተሰበሰበ ውሃ ነው። ይህን «የተጣራ ውሃ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ምን እንዳለ ልብ ይሏል? በጨርቅ ያጠለሉት፥ በማጣሪያ ያለፈውና በላስቲክ ጠርሙስ የታሸገው ሁሉ «የተጣራ» ይባላል። የውሃ ስም ሲሰፋ ምን ያህል እንደሚሰፋም ከራሳችን ገበያ እናውቃለን፤ «ሃይላንድ» የአንድ ድርጅት ምርት ስም መሆኑ ቀርቶ የላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ነበር፤ «አምቦ» ደግሞ በየምግብ ቤቱ ጋዝ ላለው ውሃ ሁሉ ይዋላል። የአምቦ ውሃ ለመጠጥ የሚፈለገው በማዕድኑ ነው፤ በኮምፒውተር ውስጥ የሚጠላውም በዚያው በማዕድኑ ነው። ማዕድኑ እንደ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ቀጫጭኖቹን ቦዮች ይደፍናል፤ ውሃው ቢያፈስስም ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያስተላልፋል። ጋራዥ የለመደው «የባትሪ ውሃ»ም አስተማማኝ አይደለም፤ ለአንዳንዱ አሲዱን ጭምር ያመለክታልና።

እኛ «ንጥር ውሃ» እንዲባል እናቀርባለን። «ንጥር ቅቤ» በእሳት ከባዕድ ነገር የተለየ ነው፤ «የነጠረ ወርቅ»ም እንዲሁ። የአረቄ አወጣጥ ከሥራው ጋር ይበልጥ ይቀራረባል፤ ነገር ግን «ማውጣት» ከመጠጡ ጋር ተቆራኝቷል። «ነጠረ» በእሳት የመለየትን ሐሳብ ይዞ ከመጠጥ ነጻ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ እንለፋቸው። ከፕሮሰሰሩ ላይ የሚታሰረውን ክፍል «የውሃ ብሎክ» ማለት ለአንባቢ ብሎኬትን ያስታውሰዋል፤ «ሙቀት ተቀባይ» ይሻላል። በመካከላቸው የሚቀባውን «የሙቀት ሙጫ» ማለት ስሕተት ነው፤ ማጣበቅ ሥራው አይደለምና «ሙቀት አሻጋሪ ቅባት» ይባል። «ማራገቢያ» ግን ይጽና፤ እሳት የምናቀጣጥልበትም በዚሁ እንቅስቃሴ ስለሆነ ቃሉ ሥራውን እንጂ ውጤቱን አይናገርም። በፍላጎት መሠረት የሚገጣጠመውን «ልዩ» ከማለት፥ ከልብስ ሰፊው ወስደን «በልክ የተገጣጠመ» እንበል። ከተገጣጠመ በኋላ ኮምፒውተሩን ሳያበሩ ፓምፑን ብቻ አስነሥተው፥ ብዙ ጊዜ ለ24 ሰዓት፥ ውሃው እንዳያፈስስ የሚደረገውን ፍተሻ «የፍሳሽ ፍተሻ» ማለት ወደ ቆሻሻ ማስወገጃ ይወስዳል፤ «የማንጠብጠብ ፍተሻ» ይባል። ይህን አንድ ሐረግ በትክክል ያልተረዳ ሰው ለዓመታት አጠራቅሞ የገዛውን ዕቃ በአንድ ሌሊት ሊያጣ ይችላል።

በማጠቃለያ የምናቀርባቸው ሐሳቦች እነዚህ ናቸው፦

ሀ. «የውሃ ማቀዝቀዣ» ቀርቶ ለሥርዓቱ «በውሃ ማብረጃ»፥ ለዕቃው «በውሃ የሚበርድ ኮምፒውተር» ይዋል።

ለ. ራዲያተር፥ ፓምፕ፥ ቱቦና ኮምፒውተር እንደ አማርኛ ቃላት ይመዝገቡ፤ አዲስ አቻ አይፈለግላቸው።

ሐ. «የተጣራ ውሃ» እና «ንጥር ውሃ» በመዝገበ ቃላት ሁለት የተለያዩ መግቢያዎች ይሁኑ።

መ. የቴክኒክ ቃላት ሲዘጋጁ የአማርኛውና የአፋን ኦሮሞው ስያሜ ጎን ለጎን ይመርመር፤ አንዱ ያላየውን ጉድለት ሌላው ያሳያልና።

አምቦ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በይፋ «ሀገረ ሕይወት» ተብላ ነበር። ስሙ ውብ ነው፤ ትርጉሙም የከበረ ነው። የጸናው ግን ሕዝቡ የሚጠራበት ስም ሆነ። የቃል አዘጋጆች ከዚህ የምንማረው ይህ ነው፤ ስያሜ በውሳኔ ሊታወጅ ይችላል፤ የሚኖረው ግን በሚሠራበት ሰው አንደበት ነው። ከላይ ያቀረብናቸውም ቢሆኑ በጠጋኞች፥ በመምህራንና በተርጓሚዎች አፍ ተፈትነው እስኪጸኑ ድረስ ሐሳቦች ናቸው። አንባብያን የተሻለ ቃል ቢኖራቸው ከነአጠቃቀሙ እንዲያቀርቡልን እንጠይቃለን።