ሎሚና መዳብ

ፒያሳ ላይ መዳብ ሲነሳ ቀድመው ትዝ የሚሉት ወርቅ ሠሪዎቹ ናቸው፤ ወርቁ እንዲጠነክር ጥቂት መዳብ ይቀላቅሉበታል። እኔ የአራዳን ግቢዎች አትክልት ስንከባከብ የኖርኩ ሰው ነኝና መዳብን የማውቀው በሎሚ ነው።

ፍግና ኮምፖስት እንደልብ የሚደፋበት ሎሚ ያታልላል። ቅጠሉ ሰፋፊ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይሆናል። ለጋውን ቅርንጫፍ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ልፍስፍስ ነው፣ ይቆለመማል፤ ከልጡ ሥር ሙጫ ይቋጥራል፤ ቆይቶ ከጫፉ መድረቅ ይጀምራል። «ልጄ፣ ፍግ ልጨምርለት እንዴ?» ይሉኛል የሎሚው ባለቤት እማማ። «ኧረ ይቅርበት፣ እማማ!» እላለሁ። ብስባሹ መዳቡን አጥብቆ ስለሚይዘው፣ አፈሩ ውስጥ እያለ ሥሩ አያገኘውም።

ሥሩም ቢሆን ያገኘውን ሁሉ ዝም ብሎ አያስገባም። መጀመሪያ በገጹ ያለ ኢንዛይም ለመዳቡ ኤሌክትሮን ይሰጠዋል፤ ከዚያ ኮፕት የተባሉ ፕሮቲኖች ያሳልፉታል። ነፃ መዳብ ሴልን ስለሚጎዳ፣ ውስጥ ከገባ በኋላ ፕሮቲኖች እየተቀባበሉ ይወስዱታል። ውኃው ወደ ላይ በሚወጣበት ቧንቧም እንደ ኒኮቲያናሚን ካሉ ውህዶች ጋር ተጣብቆ ይጓዛል። ቅጠል ሲደርስ ዋናው ማረፊያው ፕላስቶሲያኒን ነው፤ ተክሉ በብርሃን ምግቡን ሲሠራ ኤሌክትሮን የሚያመላልሰው ፕሮቲን። እንጨቱን የሚያጠነክረው ሊግኒን ሲሠራም መዳብ የያዙ ኢንዛይሞች ያስፈልጋሉ፤ ለጋው የሚልፈሰፈሰው ለዚህ ነው።

ሁልጊዜ የሚገርመኝ ቁጠባው ነው። በአንድ ኪሎ ደረቅ ቅጠል ውስጥ ያለው መዳብ በአብዛኛው ከ5 እስከ 20 ሚሊግራም ነው። አራቢዶፕሲስ በተባለችው ትንሽ ተክል ላይ እንደታየው፣ መዳብ ሲያንስ ኤስፒኤል7 የተባለ ተቆጣጣሪ ማስገቢያዎቹን ያበዛል፤ በሌላ ሊተኩ የሚችሉ መዳብ ፈጂ ፕሮቲኖች እንዲቀነሱ ያደርጋል። ያለችው ጥቂት መዳብ ለፕላስቶሲያኒን ትተርፋለች።

ኢትዮሲስ የተባለው የአፈር መረጃ ፕሮጀክት የአገራችንን አፈር ካርታ ሲሠራ መዳብ የሚያንሳቸው አካባቢዎች እንዳሉ አሳይቷል፤ እዚያ ማዳበሪያው ላይ መዳብ መጨመር ተገቢ ነው። ለግቢው ሎሚ ግን ፍጉን አስቆማለሁ፣ ቀይ አፈር እቀላቅላለሁ፤ ካስፈለገ ከኖራ ጋር የተበጠበጠ ቀጭን ኮፐር ሰልፌት ቅጠሉ ላይ እረጫለሁ። ከዚያ ቀጣዩን ለጋ ሳላይ አልደግምም። መዳብ እንደ ዩሪያ በዝናብ ታጥቦ አይሄድም፤ ላይኛው አፈር ውስጥ ይከማቻል። ሲበዛ የሥሩን ጫፎች ያጠቁራል፣ ያጫጫል፤ ቅጠሉም ብረት እንዳጣ ሁሉ ቢጫ ይሆናል። አንዴ ከተከማቸ ደግሞ ከአፈሩ ማስወጣት ከባድ ነው።