ዘር ያልቀረላቸው፦ በሐረገ ትውልድ ፍለጋ ስለሚያድር ኀዘን

የወገኑን ታሪክ ለማወቅ ተነሥቶ ሽማግሎችን የሚጠይቅ፥ የደብር መዝገብ የሚያገላብጥ፥ የወራሾችን የሙግት ወረቀት ከሣጥን የሚያወጣ ሰው፥ ከፈለገው ከስምና ከዘመን ጋር ያልፈለገው አንድ ነገር አብሮ ይመጣበታል፤ ይኸውም በዐይኑ ያላየው፥ መልኩን ሊገምት እንኳ የማይችለው ሰው ስለ ደረሰበት መከራ የሚያድርበት ኀዘን ነው። ቅድመ አያቱ በክፉ ቀን ስንት ልጅ ቀብራ ስንቱን ይዛ እንደ ተሰደደች ከአክስቱ አፍ የሰማ ጎልማሳ፥ የቅርብ ዘመድ ሞቶበት ያላወጣውን ዕንባ፥ ስሟን ገና ትናንት ለሰማው ሴት ሲያወጣ እናያለን። ይህ ኀዘን ሐሰት ነው አይባልም። ነገር ግን ኀዘን በባሕርዩ መራጭ ነው፤ አንዱን ያነሣል፥ ሌላውን ይዘላል፤ ስለዚህ ማንን አንሥቶ ማንን እንደሚዘል መመርመር የታሪክ ሥራ እንጂ የልብ መድረቅ ሆኖ ሊቈጠር አይገባም።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፥ በአገራችን በደጋው ክፍል ትውልድ መቁጠር ጥንቱን ለኀዘን የተሠራ ትምህርት አለመሆኑ ነው። ሰባት ቤት የሚቈጠረው ጋብቻ ሲታሰብ፥ የተከለከለው ዝምድና ከተፈቀደው እንዲለይ ነበር፤ ከዚያ አልፎ የሚቈጠረውም ርስት ለመጠየቅ ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ አለን ሆበን በጎጃም በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውንና በ1973 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያወጣውን ያነበበ ሰው እንደሚያስታውሰው፥ በዚያ አገር ርስት የሚጠየቀው በአባትም በእናትም በኩል ወደ መጀመሪያው ያዥ፥ ወደ ዋናው አባት፥ በመቁጠር ስለ ነበረ፥ ሐረግ የሚያውቅ ሽማግሌ ዕውቀቱን ለሁሉ አይዘረግፈውም ነበር፤ ተሟጋች እንዳይሰማበት ይሸሽገው ነበር። በእንዲህ ያለው ቈጠራ አባት የሚጠራው ስለ ያዘው መሬት እንጂ ስለ ጠጣው መራራ ጽዋ አይደለም፤ መሬት ያላስተላለፈ ሰው ምንም ያህል ቢሠቃይ ከሐረጉ ይወድቃል። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ባደረገ ጊዜ፥ ለዘመናት ሲወርስ ሲዋረስ የኖረው ይህ ዕውቀት በአንድ ቀን ጥቅሙ ቀረ። በእኔ አስተያየት፥ ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን በሚኖሩ የልጅ ልጆች ዘንድ የምናየው ኀዘን ሰፊ መንገድ ያገኘው ከዚህ በኋላ ነው፤ አባቶቻችን ከእንግዲህ መሬት ሊሰጡን ስለማይችሉ፥ ልንጠይቃቸው የቀረን ነገር መከራቸው ሆነ።

ከአፍ ወደ ጽሕፈት ስንሻገር፥ በወንጌልና በሌሎች የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የሰፈሩት የመሬት ቃሎች፥ ይልቁንም ከጎንደር ዘመን ወዲህ የበዙት የሽያጭ ማስታወሻዎች፥ ለተመራማሪ ትልቅ ሀብት ናቸው። አጻጻፋቸው ይመሳሰላል፤ የወንጌላዊው ዘመን ይጠራል፥ የንጉሡ ወይም የሹሙ ስም ይከተላል፥ ከዚያም እገሌ ለእገሌ ርስቱን በዚህን ያህል ወርቅ ወይም ጨው ሸጠ ይላል፤ ዳኛው፥ እማኙ፥ ዋሱ በየተራ ይዘረዘራሉ፤ በመጨረሻም ይህን ያፈረሰ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ውጉዝ ይሁን የሚል ግዝት ይታሰርበታል። ከዚህ ሁሉ መካከል የሌለው ምክንያቱ ነው። ሰውዬው የሸጠው ራብ ገብቶበት ይሁን፥ የተዝካር ዕዳ ከብዶት ይሁን፥ በሙግት ተረትቶ ይሁን፥ ወይስ በእናቱ ወገን የተሻለ መሬት ደርሶት፥ ጸሐፊው አይነግረንም፤ ቃሉ የተጻፈው ለገዢው መተማመኛ እንጂ ለሻጩ መታሰቢያ አይደለምና። የሻጩ ዘር ነኝ የሚል አንባቢ ግን እዚያች ባዶ ቦታ ላይ ወዲያው ራብን ያነባል፤ ልቡ የጻፈውም በብራናው ላይ ያለ ይመስለዋል።

የክፉ ቀንን ነገር ግን ዘለግ አድርጎ ማየት ይገባል፥ የቤተ ሰብ ትረካ ከማናቸውም ዘመን ይልቅ ወደዚያ ይመለሳልና። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገሩን ያጠፋው መቅሠፍት የጀመረው በከብት እልቂት ነው፤ ኢጣልያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የገባው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰው፤ በሬ ያጣ ገበሬም ዝናብ ቢዘንብለት እንኳ ማረስ አልቻለም፤ በዚያ ላይ ድርቁ፥ አንበጣውና ተምቹ ተጨመሩ፤ ራብ ያደከመውንም ሰው ተላላፊ በሽታ ጠረገው። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው መሬት በመቆፈር ለመኳንንቱ አርአያ ሆኑ መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ ከእንደዚህ ያለው ዘመን ዘር የቀረለት የተረፈ ሰው ብቻ ነው። ዛሬ ሰባት ቤት ቈጥሮ ስለ ክፉ ቀን የሚያዝን ሁሉ፥ አንድ እንኳ ሳይቀር፥ የተረፉት ልጅ ነው። ቤታቸው ፈጽሞ የተዘጋባቸው፥ አባትና እናት ከነልጆቻቸው ያለቁባቸው ግን፥ መከራው እጅግ የከበደባቸው እነርሱ ሆነው ሳለ፥ የሚቈጥራቸው የልጅ ልጅ የላቸውም። ለአያቶቻችን የምናፈሰው ዕንባ በደም መንገድ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ደሙ በተቋረጠበት እርሱም ይቋረጣል።

ከዚህም የሚከብድ ጥያቄ ይከተላል፤ የተረፈው እንዴት ተረፈ? ጎተራ ነበረውን? ቢኖረውስ ለጎረቤቱ ከፈተው ወይስ ዘጋው? ስለ ሞቱት ልጆች፥ ስለ ስደቱ፥ ስለ ተበላው ሥራ ሥርና ቅጠል ሰፋ አድርገው የሚያወሩ ሽማግሎች፥ እዚህ ላይ ሲደርሱ «እግዚአብሔር አተረፋቸው» ብለው ወደ ሌላ ጨዋታ ያልፋሉ። በእምነት አንጻር ከዚህ የሚበልጥ መልስ የለም፤ ለታሪክ ግን እህሉ በስንት እንደ ተሸጠና በእህል ምትክ ማን ርስቱን እንደ ለቀቀ ሳይነገር ቀርቷል።

ቍጥሩም ራሱ የሚናገረው አለ። አንድ ሰው፥ ዘመድ ከዘመድ ካልተጋባ፥ በሰባተኛው ቤት 128 አባቶችና እናቶች አሉት። ከነዚህ መካከል ግብር የከፈለ ገባር እንዳለ ሁሉ፥ በባላገር ቤት ተመርቶ የገባሩን እህል የበላ ወታደርም አለ፤ የተፈረደበት እንዳለ ጉቦ በልቶ የፈረደም አለ። ከ128ቱ አንዱን መርጦ «የእኔ መከራ» ብሎ የሚያለቅስ ሰው፥ የቀሩትን 127 በዝምታ ያስቀራቸዋል፤ ምርጫውም ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በተበደለው ላይ እንጂ በበዳዩ ላይ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ የተሸፈነው የባርነት ነገር ነው። ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ነገሩ ከአያቶቻችን ዕድሜ የራቀ አይደለም፤ ቢሆንም ባሪያ ያሳደረ ቤት በትረካው ውስጥ በባርነት ያሳደራትን ሴት «የቤት ልጅ» ብሎ ያልፋታል። ጌታዋ ስም ያወጣላት፥ አገሯ የተረሳ፥ ርስት መጠየቅ የማትችል እናት ሐረግ ከእርሷ ላይ ይቆማል፤ የዛሬው ተመራማሪ ምናልባት የእርሷም ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እንዲያለቅስላት ማንም አላስተማረውም።

መታሰብ ያለ ሥጋ ዘር የሚቻል ለመሆኑ የደብረ ሊባኖስ ገዳም ነገር በቂ ማስረጃ ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም.፥ የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በተከበረ ማግሥት፥ በኢጣልያው እንደራሴ በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱ ላጋ ወልዴ ወደሚባል ቦታ ተወስደው በጥይት ተፈጁ፤ ዲያቆናቱም ኋላ ተከተሏቸው። ግራዚያኒ ለሮም ያስታወቀው በጠቅላላው 449 ሲሆን፥ ተመራማሪዎቹ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የሟቾቹን ቍጥር ከ1,423 እስከ 2,033 ገምተውታል። መነኵሴ በሚመነኵስበት ቀን በሕይወቱ ሳለ ፍትሐት ተደርጎለት ለዓለም የሞተ ነው፤ የሚቈጥረው የልጅ ልጅ አይኖረውም። በደም ሥርዓት ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች ሁለት ጊዜ በጠፉ ነበር። ያልጠፉበትም ምክንያት ገዳሙ አስቦአቸው፥ የዐይን ምስክሮች ተጠይቀው፥ የጠላት ቴሌግራም ሳይቀር ተመርምሮ ነው።

የሽማግሌን ቃል እንደ ተነገረ ለመያዝም ሊማሩበት የሚገባ አንድ ሥራ አለን፤ መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው ከአለቃ ለማ ኃይሉ አንደበት ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፈ ትዝታ ነው። ልጁ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ሆነው ሳሉ፥ የራሳቸውን ስሜት ወደ ኋላ አድርገው ሽማግሌው በራሳቸው አነጋገር፥ ከነቀልዳቸውና ከነነቀፌታቸው፥ እንዲሰሙ አደረጉ። አባት በልጁ ኀዘን አልተዋጠም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያወጡት የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ደግሞ በኋላ ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ ተብሎ ሳለ፥ የሚያወሳው በአብዛኛው ስም ያላቸውን ሰዎች ነው፤ ለዘመኑ የሚነቀፍ አይደለም፥ ለእኛ ግን አይበቃም።

ስለዚህ ወደ ሽማግሎች የሚሄድ ሰው «ማን ወለደን» ከሚለው ቀጥሎ «ጎረቤታችን ማን ነበረ፥ የማን ቤት ተዘጋ፥ መሬቱስ ለማን ደረሰ» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ዘር ሳይተካ ያለፈ ሰው ርስት ባዶውን አልቀረም፤ ከዘመዶቹ ለተረፉት ደርሷል፤ የተረፉትም እንዳልነው አያቶቻችን ናቸው። በወንጌል ኅዳግ የሰፈረ የሽያጭ ቃል ሲገኝም ተመራማሪው እጁ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ሻጩ ስም ነው፤ ነገር ግን ያ ቃል ተጠብቆ እዚህ የደረሰው ለገዢው ስለ ጠቀመ ነውና፥ የአያቱን ስም ከዚያ ወገንም ፈልጎ ማየት አለበት።